የጋሽ ላጲሶ ዋስትና

ኤክሴል የተማርኩት ሃያ ሁለት ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ፣ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እየተቀመጥኩ ነው። አስተማሪዬ ስልኬ ነበር፤ ፈታኜ በየአሥር ደቂቃው "ሌላ ምን ይምጣ?" የሚለኝ አስተናጋጅ። አጎቴ ጋሽ ላጲሶ ይህን ትምህርት አይሉትም። ዲግሪያቸውን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቅለዋል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እያዩ፣ ወረቀት የሌለው ሰው ታርጋ የሌለው መኪና ነው ይላሉ።

ታርጋ የሌላት መኪና ሁለት መቶ አመልካች ቀድማ፣ ኤርፖርት አካባቢ ባለ የጭነት ድርጅት የመረጃ መዝጋቢነት ፈተና አለፈች። ማለፍ ግን መቀጠር አይደለም። ብሰርቅ የሚከፍልልኝ ዋስ እስከ ዓርብ ካላመጣሁ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተባልኩ። የምሰርቀው ምን እንደሆነ አልገባኝም። የሚያስረክቡኝ ኮምፒውተርና ወንበር ነው፤ ወንበሩም ይነቃነቃል።

ጋሽ ላጲሶ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። ሐሙስ ዕለት ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ የሠርግ ክራቫታቸውን አስረው አብረውኝ መጡ። ታክሲ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስማቸውን እንዳላሰድብ ሲመክሩኝ ነበር።

የቅጥር ክፍሏ ሠራተኛ ሪሀና በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ደብዳቤውን አነበበች፤ ደሞዙ ጋ ስትደርስ ጣቷን አቁማ ደግማ አነበበች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ፣ የዋስ ደሞዝ ከተቀጣሪው መብለጥ አለበት። የእርስዎ ከእሷ ያንሳል" አለች።

ጋሽ ላጲሶ ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ። ዲግሪያቸው የማዕረግ እንደሆነ አስረዱ። መመሪያው ስለ ማዕረግ አያወራም ተባሉ። መሳቅ ነበረብኝ፤ ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው። ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

ንግድ ፈቃድ ያለው ሰውም ይሆናል ስትለን፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጡት ጎረቤታችን እትዬ ሰኪና ትዝ አሉኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ እንደ ጋሽ ላጲሶ አባባል እሳቸውም ታርጋ የላቸውም።

ዓርብ ጠዋት ሱቃቸውን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ሰጥተው፣ ሻርፓቸውን እያራገፉ ቅጥር ክፍሉ ገቡ። ሪሀና ሦስቴ አስነጠሳት። ፊርማው ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ተጫኑና ወደ እኔ ዞሩ።

"አብሽሪ እንቁ። ብትሰርቂ ግን በበርበሬ ነው የማጥንሽ።"

ቤት ስገባ ጋሽ ላጲሶ ሳሎን ተቀምጠዋል። እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ቆየት ብለው ድርጅቱ ሌላ ክፍት ቦታ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ። መዝገብ ቤት አንድ እንዳለ፣ ዲግሪ እንደማይጠይቅ፣ ዋስ ግን እንደሚጠይቅ ነገርኳቸው።

ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

"ለመሆኑ ሰኪና ለስንት ሰው ነው ዋስ መሆን የምትችለው?"