አጎንብሶ የሚከፈት ጃንጥላ

ሉሄንዴ እንዳለው ከሆነ ጃንጥላው ውጦታል። ዝናብ መጣና ቢከፍተው እስከ ትከሻው ድረስ ተከደነበት፤ በኪሱሙ የሐይቅ ወደብ ሲደናበርም የዓሣ ነጋዴዎቹን ጠረጴዛ ገለበጠ። የጃንጥላ ፋብሪካው ባለቤት ኦዲንዶ እንዳለው ደግሞ ጃንጥላው ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ ሳያጎነብስ የከፈተው የእንግዳው ነው።

የኦዲንዶን ጃንጥላ መጀመሪያ ጉልበት ላይ መታ መታ ያደርጉታል፤ ከዚያ አጎንብሰው ቁልፉን ይጫናሉ። ቄሱም እንዲሁ፣ ሙሽሮቹም እንዲሁ። ሌላ ጃንጥላ አይገባማ! ከዓመታት በፊት ኦዲንዶ ራሱ ናይሮቢ መንግሥት ዘንድ ሄዶ፣ «እስክንጠነክር ከውጭ ጃንጥላ ጠብቁን፤ ከዚያ ሐይቁን ተሻግረን እንሸጣለን» ብሎ ከባድ ቀረጥ አስጥሏል። ዛሬ ሐይቁን ተሻግሮ የመጣው የመጀመሪያ ገዢ፣ የምዋንዛው ነጋዴ ሉሄንዴ፣ ፊቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበት ፋብሪካው ውስጥ ተቀምጧል። መርከቡ ሊነሳ ነው።

«አልገዛም፣ ሙዜ» አለ ሽማግሌውን ኦዲንዶን በአክብሮት እየጠራ።

«አስተማሪ እልክልሃለሁ! ሚስቴ አዊኖ አከፋፈቱን ታሳያቸዋለች።»

«ለምዋንዛ ሕዝብ ሁሉ?» አለች አዊኖ ጃንጥላ እያጠፈች። «የሰው ጉልበት ስደበድብ ልኑር?»

ሉሄንዴ ከቦርሳው የራሱን አሮጌ ጃንጥላ አውጥቶ በአንድ ጣቱ ነካው። ቿ ብሎ ተከፈተ። ኦዲንዶ ሳያስበው አጎነበሰ።

«ቀና በል፣ አይነካህም።»

ኦዲንዶ ቀና ብሎ በጉጉት አየው። «ምኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«ሞላው ነዋ፣ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ። ለምን አታስመጣም?»

አዊኖ ሳቀች። «በምን በኩል? ቀረጡ ሲወጣ ‹ጃንጥላና የጃንጥላ ዕቃ በሙሉ› ያስባለው ይኸው ባለቤቴ ራሱ ነው። ሞላውን ወንድሜ ነው ከአሮጌ አልጋ እየፈታ የሚሠራልን።»

«ለዚህ ነዋ ጃንጥላው የተኛብኝ!» አለ ሉሄንዴ።

የመርከቡ ጥሩንባ ጮኸ። ሉሄንዴ ተነሳ።

«ሞላው ጥሩ ቢሆን ትገዛለህ?» አለ ኦዲንዶ።

«እገዛለሁ። ግን ሰው አጎንብሶም ቢሆን ከአንተ እየገዛ፣ ምን አስጨንቆህ ታስተካክለዋለህ?»

ኦዲንዶ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል፤ መንገደኛው ሁሉ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ እየመታ ወደ ፋብሪካው ያጎነብሳል። እስከ ዛሬ አክብሮት ይመስለው ነበር።

«አዊኖ፣ ወንድምሽ ሞላውን ወደ አልጋው ይመልስ» አለ። «ነገ ናይሮቢ እሄዳለሁ። የሞላው ቀረጥ ይነሳ እላቸዋለሁ።»

«የጃንጥላውስ?»

ኦዲንዶ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«የጃንጥላውም ይነሳ!»