የሰባት ማባዣ በሳክስፎን

ሰውየው የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው። በስሙ የሚጠራው ግን የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሙያው ነው። ሌላው ጠጋኝ መኪናዋን ፈታትቶ፣ እጁ ዘይት በዘይት ሆኖ የሚደርስበትን ብልሽት፣ እሱ መዘውሯን ሁለቴ አዙሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይደርስበታል። «ጥርሷ ደህና ነው፤ መርፌዋ ናት የተጣመመች» ካለ ተጣማለች። ዘፈን ላይም እንደዚያው ነው። ከበሮ መቺው ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዱላ እንደቀየረ ይነግራችኋል፤ ከበሮ መቺው ራሱ ረስቶት ይሆናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ሥራ የለም። ሁለት ወዳጆቹ ይመጣሉ፤ የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌሩና ጡረታ የወጣችው የሒሳብ መምህርት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሳምንቱን ሲያዳምጥ የከረመውን አልበም ያወራል፣ ከዚያም ካሴቱን ለአንዱ ያውሳል። የተዋሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንዳገኘበት ይናገራል። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራው ይሰማል እንጂ ዶሮ እህል እንደምትለቅም አይለቀምም። ሁለተኛ፣ ያልሰሙትን አያወሩም።

ይህችን ሁለተኛዋን ያወጣው ራሱ ጆሮ ነው። አንድ ጊዜ ፎቶ አንሺ የሆነ ወዳጃቸው ከሽፋኑ ጀርባ ያነበበውን እንደሰማ አድርጎ ሲያወራ ያዘውና «አንተ ዓይንህን ይዘህ ሂድ፤ እዚህ የሚፈለገው ጆሮ ነው» አለው። ሁሉም ሳቁ። ፎቶ አንሺው ግን ሁለተኛ አልመጣም።

እንግዲህ ይህ ጆሮ የተባለ ጉደኛ ሰው ነው የደነቆረው።

በአንድ ቀን አይደለም የሆነው። መጀመሪያ ዋሽንቱ ጠፋበት፣ ቀጥሎ የሴት ዘፋኞች ድምፅ ሳሳ። ግራ ጆሮው ጭራሽ ተዘጋ። በቀኙ፣ ሰው ተጠግቶ ጮክ ካለለት ይሰማል፤ ሙዚቃ ሲሆን ግን ከላይ ቤት ወለል ላይ ወንበር የሚጎትቱ ዓይነት ጉርምርምታ ብቻ ነው የሚደርሰው። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው፣ አባባ» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ሸኘው። ሚስቱ ከሱ ቀድማ ነው ያወቀችው፤ ሳትነግረው መጮህ ጀመረች።

ለሁለቱ ወዳጆቹ ግን ትንፍሽ አላለም። ምን ብሎ ይናገራል? ስሙ ጆሮ ነው። ቅዳሜን ካጣ ደግሞ ምን ይቀረዋል? ስለዚህ ማንበብ ጀመረ፤ አዎ፣ የሽፋን ጀርባ። ስንት ዘፈን አለው፣ ማን ምን ተጫወተ፣ የት ተቀዳ። በዚያ ላይ የአርባ ዓመት አድማጭ ግምቱን ይጨምርበታል። ለአራት ወር ማንም አልነቃበትም።

በዚያ ሳምንት ከሹፌሩ የተዋሰው የአንድ ሳክስፎን ተጫዋች አልበም ነበር፤ ዘፋኝ የሌለበት፣ ስምንት ሙዚቃ። ከሥራ ሲመለስ ቴፑ ውስጥ ይከተዋል፣ ድምፁን እስከ ጫፍ ይከፍተዋል፣ ቀኝ ጆሮውን ይለጥፍበታል። ጉርምርም። ገጹን ገልብጦ ይሞክራል። አሁንም ጉርምርም። እንዲህ እያለ ስድስት ቀን አጫወተው፤ ሕጉን በግማሽ እንኳ ላክብር ብሎ መሰለኝ።

ቅዳሜ ተራው ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ።

«አምስተኛው ላይ ሳክስፎኑ ዝም ይላል» አለ። «ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ክፍተት ይሞላዋል። እሱ ግን ለቤዝ ጊታሩ ለቆለት ይቀመጣል። ሲመለስ፣ አልቅሶ አልቅሶ ፊቱን ታጥቦ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።»

መምህርቷ «ወይ ጉድ» አለች። ሹፌሩ ግን ጫማውን ያያል። በተፈጥሮው ለፍላፊ ነው፤ የሚያመላልሳቸው ልጆች እንኳ «ጋሼ፣ መንገዱን ይዩ እንጂ» ይሉታል። ዛሬ ምላሱ ታሰረ።

«ልክ ነህ» አለ ቀና ሳይል። «እኔም እዚያ ጋ ስደርስ ነው አውቶብሱን ቀስ የማደርገው።»

ካሴቱን ተቀብሎ፣ ሳይከፍተው ኪሱ ከተተው።

ጆሮ ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር። ጠጋ ብላ በቀኙ ጮኸችበት።

«ያቺን ልጅ መለስካት?»

«የቷን ልጅ?»

«የሰባት ማባዣዋን ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ ስታስጮህብን የከረምካትን። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስልሳ ሦስት! ጎረቤቱ ሁሉ በቃሉ ይዞታል እኮ።»

ጆሮ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሹፌሩ የልጅ ልጁን ማባዣ ሲያስጠናት ድምፅዋን ይቀዳል፤ ያንን ያውቃል። ታዲያ ሽፋኑ የሳክስፎኑ፣ ውስጡ የልጅቱ ነበር ማለት ነው። ሳክስፎኑማ ሳምንቱን ሙሉ አውቶብሱ ውስጥ ሲጫወት ከርሟል። ሹፌሩ ይህን እያወቀ ነው «ልክ ነህ» ያለው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናንተ ደግሞ የማትሰሙት ምን አለ? አምና የዝናብ ድምፅ ተዋውሳችሁ አልነበር? አዲስ ነገር ያገኛችሁ መስሎኝ ነዋ።» ከዚያ ፊቱን አየችው። መተኮሻውን ነቅላ አጠገቡ ተቀመጠች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰፈር ሙሉ የሰማውን እሱ ብቻ ሳይሰማ ቀረ። የአፍ ወለምታ ደግሞ በቅቤ አይታሽም፤ ሳምንቱን በሙሉ ያቺን «ፊቱን ታጥቦ የመጣ ሰው» ያላትን ነገር እያስታወሰ በኀፍረት ሲቃጠል ሰነበተ። ቅዳሜ ሲደርስ ሱቁን ቆልፎ ሊጠፋ ፈለገ። ሚስቱ ቁልፉን ከእጁ ነጠቀችው።

«ትከፍታለህ፤ እኔም እመጣለሁ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቅዳሜ እዚያ ረግጣ አታውቅም።

ወዳጆቹ እንደተቀመጡ እሱ ቆመ።

«ያልሰማሁትን ሳወራ አራት ወር ሆነኝ» አለ። «ጆሮዬ ሄዷል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰውም አባርሬበታለሁ። እናንተ ተቀመጡ። እኔ እወጣለሁ።»

ከገዛ ሱቁ ነው ሊወጣ የተነሣው። ሹፌሩ ክንዱን ይዞ አስቀረውና በቀኙ ዞሮ ጮኸ።

«እኔስ፣ የማባዣ ካሴት ሰጥቼህ ‹ልክ ነህ› ብዬ የዋሸሁት? ሁለታችንም ከወጣን እሷ ከማን ጋር ታወራለች?»

«ማባዣውን አጠናለሁ» አለች መምህርቷ። ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋች። «እኔ ሁለት ወር ሆኖኛል ካወቅኩ። ዝም ያልኩት እስክትነግረን ብዬ ነው። አሁን እንደ ተማሪዬ እውነቱን መልስልኝ። ሥራ ላይ ሆነህ፣ እዚህ ጭንቅላትህ ውስጥ ምንም አይዘፍንም?»

ጆሮ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይዘፍናል» አለ። «አንድ አልበም፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ የገዛሁት። ካሴቱ ተበጥሶ ከተጣለ ስንት ዘመኑ። ጠዋት መኪናዋን ስነካ ይጀምራል፤ ሁለቱንም ገጽ ይጨርሳል።»

«እንዲህ ከሆነማ እያዳመጥክ ነው። ተራህ ነው፤ ጀምር።»

ጀመረ። የመጀመሪያው ስለ አንድ ያልተላከ ደብዳቤ ነው፣ መግቢያው ረጅም፣ ዘፋኙ የሚገባው ሰው ተስፋ ከቆረጠ በኋላ። ሁለተኛው ላይ ከበሮው ይቸኩላል። ሦስተኛው ላይ ኋላ የሚቀበሉት ሴቶች ከዘፋኙ ይበልጣሉ፤ እሱም ገብቶት ድምፁን ዝቅ አድርጎላቸዋል። አሁን አንዲትም ነገር ከሽፋን ጀርባ አላመጣም። ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

«አራተኛው የባቡሩ ነው» አለ ጆሮ።

«አይደለም!» አለች ሚስቱ ከበሩ።

እሱ አልሰማም፤ ስለ ባቡሩ ቀጠለ። ሹፌሩ እየሳቀ ሴትየዋን እጇን ይዞ አመጣና መምህርቷ ተነሥታ በለቀቀችላት ወንበር ላይ፣ በቀኙ በኩል አስቀመጣት። አፏን ጆሮው ላይ ገጠመችው።

«አራተኛው የመስኮቱ ነው! ባቡሩ ካሴቱን ከገለበጥከው በኋላ ነው የሚመጣው።»

«አንቺ ደግሞ ዘፈን መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አርባ ዓመት አንተ ስትሰማ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር?» አለችው። «የመስኮቱ ነው አልኩህ።»

ለማረጋገጥም ዘፈነችለት። ድምፅዋ ለዘፈን የተፈጠረ አይደለም፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ግን ከመግቢያው ጀምራ፣ ጊታሩ የሚመልስበትን ቦታ በአፏ እየመለሰች፣ አንድም ግጥም ሳትስት ጨረሰችው። ትንፋሿ እየሞቀው፣ እሱ ቃል በቃል ሰማት። በዚያ ዓመት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማው የመጀመሪያው ዘፈን ነው። ሹፌሩ እንባውን ጠረጴዛው ላይ ባገኘው ጨርቅ ጠረገ፤ የዘይት መጥረጊያ ስለነበር ጉንጩ ጠቆረ።

ጆሮ በሙዚቃ ጉዳይ ለሰው ተሸንፎ አያውቅም። የሚስቱን እጅ ያዘ።

«እውነትሽን ነው፣ አራተኛው እሱ ነው» አለ። «በይ አሁን አምስተኛውን።»