የታችኛው ብሎን

ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ እንዳያነሳው የድንኳኑ ጫፍ ላይ የተጫነው ነገር ጄሪካን መሆኑን ሮማን ያስተዋለችው፣ ልጇ ሊድያ መኪናዋን አስነስታ ከሄደች በኋላ ነው። የክዳኑ ቀለበት አልተነካም፤ ፋብሪካ እንዳሰረው ነው። ባሏ በርናባስ ዓርብ ማታ ይዞት የገባው፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስ የሚጠጣው የዲፈረንሻል ዘይት ነበር።

ለሐዘን የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ሆና ቀኑን ቆጠረች። በርናባስ ቅዳሜ ሞቶ እሁድ ተቀብሯል። ዛሬ ሠልስቱ ነው። ሊድያ እግራቸውን የሚያማቸውን የአባቷን ታላቅ እህት እትዬ ብርሃነሽን ቡሹሎ ቤታቸው ልታደርስ ወጥታለች፤ የበርናባስ ፒክአፕ ከቅዳሜ ወዲህ ስትነሳ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«መኪናዋ ዘይት የላትም» አለች ሮማን።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት፤ ሌላዋ እንቅልፍ ማጣት ነው ብላ አንሾካሾከች። የኋላው ዘይት ተቀድቶ አዲሱ አልገባም፣ ልጄ እየነዳች ነው ብላ ደገመችላቸው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ፅጌ እጇን ይዛ ዓይኗን ጨፈነችና መጸለይ ጀመረች። አይፈረድባቸውም። ሮማን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልመጣ መዓት ስታወራ የኖረች ሴት ናት። ሐይቁ ሞልቶ ሰፈሩን ይወስዳል ስትል፣ ባጃጅ ሁሉ ይገለበጣል ስትል ሰምተዋታል።

በርናባስም ይስቅባት ነበር። መኪናውን ለጋራዥ ሰው አይሰጥም፤ ዘይት የሚቀይረው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በሐምሌ ብርድ ደግሞ መጀመሪያ እስከ አዲስ ከተማ ሰፈር ነድቷት ይመለሳል፤ ዘይት በብርድ እንደ ማር ነው፣ ካልሞቀ አይወርድም ይላል። ከዚያ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ በክሪክ አንስቶ፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ይገባል። ሮማን ከአጠገቡ አትርቅም። ክሪኩ ቢንሸራተትስ? እንዳትሰጋ ብሎ ከመኪናው ሥር ሆኖ ይዘምርላታል። ዝም ካለ ትጣራለች።

«በርናባስ»

«አለሁ፤ ግጥሙ ጠፍቶኝ ነው።»

ቅዳሜ የታችኛውን ብሎን ፈትቶ ጥቁሩ ዘይት ሳፋው ላይ መውረድ ሲጀምር ብቅ አለ። ጀርባዬን በረደኝ፣ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ጋደም ልበል አላት። ከሥሩ በመውጣቱ ደስ አላት። ጋቢ አልብሳው ሽሮዋን ልታማስል ሄደች። ከመኪና ሥር ስትጠብቀው የኖረችው ሞት አልጋው ላይ አገኘው።

እድርተኞች ድንኳን ሊተክሉ ሲመጡ መኪናዋ ቦታ ይዛለች። የእድሩ ዳኛ ጎረቤታቸው ይልማ ከሥር ገብቶ ብሎኑን መልሶ አጠበቀ፣ ከክሪኩ አወረዳት፣ በሰው አስገፍቶ መንገድ ላይ አቆማት። አዲሱ ዘይት ገብቷል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ማን ይጠይቃል።

የሊድያ ስልክ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ሮማን ብድግ አለች። በሠልስት ባልቴቷ ከድንኳን አትወጣም፤ ሴቶቹ መቃብሩን ፈልጋ መስሏቸው አብረዋት ተነሱ። እሷ ግን ጄሪካኑን አንስታ ደጅ ላይ ከቆመው ይልማ ፊት ያዘችው።

«ይልማ፣ ብሎኑን ስታጠብቅ ዘይት ሞልተህበት ነበር?»

ሰውዬው ክዳኑን አየና ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቶ ባጃጅ አስቆመ።

መንገዱን ሙሉ ሁሉንም አየችው። የኋላ ጎማዎቹ ደርቀው ሲቆሙ፣ ከኋላ የጭነት መኪና ሲመጣ፣ የሊድያ ነጠላ አስፋልቱ ላይ ተጥሎ። ነገ ሁለተኛ ድንኳን የት ይተከላል ብላ አሰበች። ይልማ ከጎኗ አንገቱን ደፍቶ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያጠበቅኩት ይላል። ዝም በለኝ አለችው፤ ጩኸት ቢኖር እንድሰማ።

ወደ ቡሹሎ ታጥፈው ብዙም ሳይሄዱ ነጯ ፒክአፕ ዛፍ ሥር ቆማለች። ጎማዎቿ በድንጋይ ተደግፈዋል። እትዬ ብርሃነሽ በሩን ከፍተው እንደተቀመጡ ነው።

ሊድያ ወደ እናቷ መጣች። «ከኋላ ማፏጨት ጀመረች፣ እማ። አባ ካፏጨች አንድ እርምጃ እንዳትነጃት ይል ነበር።»

«ቤቴ እኮ ያውና ይታያል» አሉ እትዬ ብርሃነሽ። «ስለምናት፣ አልሰማም አለች። ወንድሜን ቀበርኩ ብዬ ነበር፤ ግትርነቱስ ይኸው ቁጭ ብሏል።»

ሮማን የልጇን ሁለቱንም ክንድ ከላይ እስከ ታች ዳበሰች። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

ይልማ ከመኪናዋ ወንበር ጀርባ መፍቻና ቱቦ አውጥቶ ከሥር ገባ። ዘይት የሚሞላበትን የላይኛውን ብሎን ፈታ። ዘይቱ በብርዱ ወፍሮ በቱቦው ውስጥ አልወርድም አለ፤ ሊድያ ጄሪካኑን ከፍ አድርጋ ይዛ ትጠብቃለች። ከታች ድምፅ የለም። ሮማን ታገሠች፣ ታገሠች።

«ይልማ» አለች።

«አለሁ» አለ ከሥር።

ያኔ ለቅሶው መጣ። በድንኳኑ ሦስት ቀን ደረቷን ስትመታ ያልወጣው ለቅሶ መንገድ ዳር ሁለት እጇን መኪናዋ ላይ አስደግፋ ስትቆም ወጣ። ሊድያ ጄሪካኑን እንደያዘች አብራት አለቀሰች፤ ማስቀመጥ አልቻለችም፣ ዘይቱ ገና እየወረደ ነበር።

እትዬ ብርሃነሽን አድርሰው መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ተመለሱ። ሴቶቹ የት ሄድሽ አላሏትም። ከሰዓት እድሩ ድንኳኑን ነቀለ፤ ወንበሮቹ በጋሪ ሄዱ። ሲመሻሽ የመጨረሻዋ ፅጌ ግንባሯን ስማት ወጣች።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ሰው ስለማይጠፋ በሩ አልተቆለፈም ነበር። ሮማን ገፋ አድርጋ ዘጋችውና ቁልፉን ሁለቴ አዞረች። በርናባስ ገበያ አምሽቶ ሲመጣ ከውጭ በራሱ ቁልፍ እንዲከፍት፣ ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን መንቀል ልማዷ ነው። አሁንም ጣቷ ሊነቅለው ያዘው።

ቆየችና ለቀቀችው። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ አደረ።