ረጅሙ የቱ ነው?

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። እግራችሁን አሳርፉና፣ አንዲት ቃል አንድን ቤት እንዴት እንዳዞረችው ላውጋችሁ።

ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ብስክሌት ብቻ የሚጠግን መካኒክ ነበር። ሌላ ሞተር አይነካም። «አራት ልብ ያለው ነገር የቱ እንደታመመ አይናገርም» ይላል። ጋራዡና ማእድ ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የመጨረሻ ልጁ ከጎኑ ሳትለይ ስላደገች «ቀኜ» ይላታል፤ ሰፈሩም እንዲሁ እያለ ጠርቷት ቀረ።

ታዲያ አንድ ቀን አባት ራሱን ስቶ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩም ቀስ በቀስ ተመለሰለት፤ ቃል ግን ጥሎት ሄደ። የቀሩት ጥቂቶቹም ቦታቸውን አያውቁም። ውሃ ሲጠማው «መስኮት» ይላል። ሚስቱን «ሻለቃ» ብሎ ይጠራታል። እሷም ማዕረጉ አይከፋም ብላ ትስቅና፣ ዞር ብላ እንባዋን ትጠርጋለች።

ጋራዡ በቀኜ እጅ ላይ ወደቀ። ይህ ለአጎቷ፣ ለአባቷ ታላቅ ወንድም፣ አልተዋጠለትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የወንድሙ ስም የሰው አፍ ውስጥ እንዳይገባ ፈርቶ ነው። የአዋላጇ ነርስ ሞተር ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ታሞ ሲመለስ፣ ደግሞም ተጠግኖ ሲመለስ፣ አጎት በሩ ላይ ቆሞ ቁርጡን ነገራት። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደገም ጋራዡ ይዘጋል፤ ክፍሉን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ይከራየዋል።

ነርሷም ጨንቋታል። ከዳገቱ ማዶ ያሉ እርጉዞች እሷንና ሞተሯን ተማምነው ነው የሚተኙት። «ሜዳው ላይ ደህና ነው» አለች። «ዳገቱን ስጀምር ይግላል፣ ይደክማል፣ ወርጄ እገፋዋለሁ። ሴት ላዋልድ ስሄድ እኔው አምጬ እደርሳለሁ።»

ቀኜ ጭንቅላቷ ዞረ። ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶር አጥባለች፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ለውጣለች። እሳቱ የሚነሳበትንም ሰዓት አባቷ እንዳስተማራት ለክታለች። ካንዴላው በተፈታበት ቀዳዳ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ይገባል፤ ሽቦው ሲሊንደሩ ውስጥ ላይ ታች በሚለው ፒስቶን አናት ላይ ቆሞ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል። አባቷ በሞረድ የጫረበት ሁለት ምልክት አለው። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ታችኛው ምልክት ከቀዳዳው አፍ ጋር ይገጥማል። ፒስቶኑን መለስ ሲያደርጉት ሽቦው ይሰምጥና ላይኛው ይገጥማል። እሳቱ መነሳት ያለበት እዚያ ላይ ነው። ሁሉም ልክ ነው። ሞተሩ ግን ጤነኛ አይደለም።

አስነሳችው። አባቷ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆኖ አዳመጠ፣ ፊቱን አኮሳተረ።

«ረጅሙ» አለ።

ረጅሙን መፍቻ ሰጠችው፤ ገፋው። ረጅሙን ቱቦ ጎትታ አመጣች፤ ራሱን ነቀነቀ። «ረጅሙ» አለ እንደገና፣ ጉልበቱን እየመታ። እናት ከማእድ ቤት ብቅ ብላ ጎረቤታቸውን አናጢውን ይሆናል አለች፤ ቁመቱ በር ስለማይበቃው ሰፈሩ ረጅሙ ነው የሚለው። ተጠራ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ኑዛዜ የሚሰማ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለ። መካኒኩ ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው፤ ቅኝቱም ጊዜ ወሰደ። ከዚያ «መስኮት» አለ። ውሃ አመጡለት።

ቀኜ እጇን ልትታጠብ ወደ ማእድ ቤት ገባች። ተስፋ ቆርጣለች፤ ለአጎቷ ምን እንደምትል ነው የምታስበው። እናቷ ዳቦው መብሰሉን ልታይ ቀጭን ሽቦ ሰክታ መዘዘች። ሽቦው ላይ ሁለት ቦታ ፍርፋሪ ተይዟል። ለስላሳ ብረት ደግሞ ካልተጫረ ፍርፋሪ አይዝም።

«እማዬ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«አባትሽ የታመመ ጊዜ ጋራዡን ሳጸዳ ነዋ። ቀጥ ያለ፣ ዝገት ያልነካው። ቀቅዬ ለዳቦ አደረግኩት። ምነው?»

ቀኜ ነጥቃት ሮጠችና ከራሷ ሽቦ ጋር አስተያየችው። የዳቦው ሽቦ ይረዝማል፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል። ጥግ የቆመውን ሌላ ሞተር አየች፣ የነርሷን አየች። ያው ቀለም፣ ያው የነዳጅ ታንከር። የነርሷ ሲሊንደር ግን በጎኑ ከተደረደሩት የማቀዝቀዣ ክንፎች በአንዱ ከፍ ይላል። ለካ ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ቢይዙም፣ አንዱ እንደ ድስት ሰፊና አጭር፣ ሌላው እንደ ጠርሙስ ጠባብና ረጅም ነው! በረጅሙ ፒስቶኑ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ፣ እሳቱ ከጫፍ ራቅ ብሎ መነሳት አለበት። እሷ በአጭሩ ሽቦ ስትለካው እሳቱ እየዘገየ፣ ጉልበቱ በጭስ ማውጫው በማርሚታው እየወጣ፣ ሞተሩ በከንቱ ይግል ነበር። ይህን ዓይነት አባቷ ብቻ ነበር የሚነካው።

አባቷ ሽቦውን ተቀበላት። ምልክቶቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ፍርፋሪውን አንስቶ ወደ አፉ ጣለ፣ ሽቦውን መለሰላት። እሷም በዚያው ሽቦ የነርሷን ሞተር እሳት እንደ አዲስ ለክታ አስተካከለች።

ነርሷ ስትመጣ አጎት እኔ ልፈትን ብሎ ከኋላዋ ተፈናጠጠ፤ ኪሎው የዋዛ አይደለም። ቤተሰቡ ደጅ ወጥቶ ጆሮውን አቀና። ዱብ ዱብ ዱብ እያለ ዳገቱን ያዘ፣ አጋመሰው፣ ድምፁ ሳይሰበር ከላይ ተሰማ። ተመልሰው ሲወርዱ አጎት ኮፍያውን ነፋስ ወስዶበት፣ በሁለት እጁ ነርሷን ጨምድዷል። ወረደ፣ ልብሱን አራገፈ።

«ልብስ ሰፊው ሌላ ቤት ይፈልግ» አለ።

ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ባማረ። ግን ማታ ራት ቀርቦ ሳለ አባቷ ቀኜን ትክ ብሎ አያትና «ረጅሙ» አለ። ሽቦውን አሳየችው። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ፣ እየሳቀ። እና ያኔ ምን ብሎ ነበር? ሽቦውን ነው፣ አናጢውን ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር? እስከ ዛሬ አታውቅም። «ረጅሙ» ባለ ቁጥር ግን ሥራዋን አስቀምጣ ትነሳለች፣ ፍለጋ ትገባለች።

እናንተም ልጆቼ፣ ቃል ያጠረው ሰው ከቤታችሁ ቢኖር፣ ቀኜን አንድ ጊዜ አስታውሱልኝ።