ልጄ ተኝታ ነበር

ቺናትሱ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማለች። ወንበር አልጠፋም፤ እግሯ አላርፍ ብሏት ነው እንጂ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ተነሥታለች። ያለችበት ክፍል ጠባብና ጨለማ ነው። መስታወቱ ከዚህ ወዲያ ያሳያል፤ ከወዲያ ወዲህ ግን ለሚያይ ሰው ተራ መስታወት ነው። በወዲያኛው በኩል የቤተሰብ ፍርድ ቤቱ የመጫወቻ ክፍል ወለል ብሎ ይታያል። ምንጣፍ፣ የእንጨት ባቡር፣ አንድ ዓይኑ የወለቀ የጨርቅ ድብ አለበት። ከምንጣፉ መሐል የስድስት ዓመት ልጇ ኮቶሃ እግሯን አጥፋ፣ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አረፍ በይ እንጂ ልጄ» አሏት ጠበቃዋ ወይዘሮ ኑኩዪ በሹክሹክታ። «ያኛው እያየሽ ነው።»

ያኛው የባሏ ጠበቃ ነው። ወጣት ነው፤ ጥግ ይዞ የብዕሩን ጫፍ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

ዛሬ አባትና ልጅ ከአሥር ወር በኋላ ሊገናኙ ነው። የተሰጣቸው ግማሽ ሰዓት ነው። የፍርድ ቤቱ መርማሪ አቶ ሳካኪ አብረው ተቀምጠው ያያሉ፣ ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ዳኛዋ ያነቡታል። ነገሩ ደኅና ከሆነ ኮቶሃ ከመጪው ወር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አባቷ ቤት ታድራለች። ባሏ ማሳኖሪ ደግሞ በዚህ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ ልጅቷን ጨርሶ ለእኔ ይስጡኝ ብሏል።

ቺናትሱ በባሏ መመታቷን ማንም አልካደም። የጎድን አጥንቷ መሰንጠቁን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት መዝገቡ ውስጥ አለ። ሆኖም አቶ ሳካኪ ባለፈው ቀጠሮ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ «የባልና የሚስት ጉዳይ አንድ ነው፤ የአባትና የልጅ ደግሞ ሌላ» ብለዋታል። እንዲህ እንዲሉ መንገዱን የጠረገችላቸው ራሷ ነበረች። ለፍርድ ቤቱ ቃሏን ጽፋ በፊርማ ፋንታ ማኅተሟን ስታደርግበት፣ «ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ ተኝታ ነበር፤ ምንም አላየችም» ብላለች። ማንም አላስገደዳትም። ልጇ ዓይን ሥር ስትደበደብ የኖረች እናት መባሉ አሳፈራት። ደግሞም ነገሩን አምናው ነበር። ሁሉም ጸጥ ካለ በኋላ የልጅቷን መኝታ ክፍል ተንሸራታች በር ገፋ አድርጋ ስታይ ኮቶሃ ሁልጊዜ ዓይኗን ጨፍና ታገኛታለች።

ዛሬ ጠዋት ባቡር ውስጥ ልጇን ስታስጠና ነው የመጣችው። ፈገግ በይ፤ አመሰግናለሁ በይ፤ እንዳታኮርፊ። ልጅቷ ፊቷን ካጠቆረች እናቷ ናት አባቷን ያስጠላቻት ይባላል ብለው ወይዘሮ ኑኩዪ አስጠንቅቀዋታል።

በሩ ተከፈተና ማሳኖሪ ገባ። ያማረ ሹራብ ለብሶ፣ በሪባን የታሰረ ሳጥን ይዟል። ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ጫማውን አወለቀ፤ አሽቀንጥሮ ጣለው ቢባል ይቀላል። አንደኛው ግድግዳ ሥር ቀረ፣ አንደኛው በጎኑ ወደቀ።

«ኮቶሃዬ! አቤት ስታድጊ!»

«እንኳን ደኅና መጡ፣ አባዬ።»

ልጅቷ ፈገግ ብላለች። ከዚያ ተነሣችና የዘረጋውን እጅ ዞራ አልፋ ጫማው ዘንድ ተንበረከከች። አፉን ወደ በሩ አዞረችው። ተረከዙን ከተረከዙ ጋር አስተካከለች፤ በሁለቱ መሐል ሌባ ጣቷን አስገብታ ለካች፤ አልጣማትም መሰል እንደገና አንሥታ አስቀመጠች። ስትጨርስ ቀና ብላ ፊቱን አየችና ጠበቀች።

«ተዪው እሱን! ነይ ስጦታሽን እዪ» አለ እየሣቀ።

አልተንቀሳቀሰችም። ማሳኖሪ ዞር ብሎ ጫማውን አየ። ካየ በኋላ ነው የተነሣችው።

«ዋ! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አለ ወጣቱ ጠበቃ። «በዚህ ዘመን የሰው ጫማ አዙሮ የሚያስቀምጥ ልጅ የት ይገኛል?» ማስታወሻውንም አወጣ። አቶ ሳካኪም በወዲያ በኩል እየጻፉ ነበር። ወይዘሮ ኑኩዪ እንኳ ሳይታወቃቸው ፈገግ አሉ።

ቺናትሱ ግን ወደ መስታወቱ ተጠጋች። በዚያ ቤት ጫማ የምታዞረው እሷ ብቻ ነበረች። ማሳኖሪ ከሥራ ሲገባ ጥሎት ያልፋል፤ እሷ ተንበርክካ ታስተካክላለች፤ በተረከዞቹ መሐል አንድ ጣት፣ ከዚያ አይበልጥም፣ ከዚያ አያንስም። ቆየት ብሎ ተመልሶ ያያል። ካልጣመው የዚያን ዕለት አያድርስ ነው። ይህን የጣት ልክ ለማንም አስተምራ አታውቅም። ኮቶሃ ልትማረው የምትችለው አንድ ቦታ ላይ ሆና ብቻ ነው፤ ከተንሸራታቹ በር ጀርባ።

ልጄ አይታለች፣ አለች ለራሷ። ሁሉንም አይታለች። ምን ያህል ቀን እንደሆነ ለመቁጠር ሞከረችና አቃታት። እንባዋ መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ መለሰችው። በራሷ ተናደደች፣ አፈረች፤ መስታወቱን ሰብራ ብትገባ በወደደች።

በወዲያ በኩል ጨዋታው ቀጥሏል። ማሳኖሪ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ባቡሩን ይገፋል፣ ይቀልዳል። ኮቶሃ ሐዲዱን ከመገጣጠሟ በፊት «እዚህ ላድርገው?» ትላለች፤ ካደረገችው በኋላ እጁን ታያለች።

«ወይዘሮ ኑኩዪ» አለች ቺናትሱ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «ቃሌ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው።»

«የትኛው?»

«ተኝታ ነበር ያልኩት።»

ጠበቃዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን ነው እንዴ ይኼ የሚነገረው? ዛሬ ቃልሽን ብትለውጪ ቀጣፊ ናት ነው የሚሉሽ። አባትየውን ልጅ ለመንሳት የፈጠረችው ነው ይላሉ። ከዚያ የሐኪሙንም ወረቀት መጠራጠር ይጀምራሉ።»

«ይበሉኛ።»

«ልጅቷን ልታጪያት ትችያለሽ እኮ።»

«ዝም ብዬስ ላጣት አይደለም እንዴ?»

ወይዘሮ ኑኩዪ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉት።

ሰዓቱ ሲያበቃ እንደ ደንቡ ማሳኖሪ ከጠበቃው ጋር ቀድሞ ወጣ፤ እንዳይገናኙ ቺናትሱ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። አቶ ሳካኪ ፋይላቸውን ታቅፈው እሷና ጠበቃዋ ወደቆሙበት መተላለፊያ መጡ።

«መልካም ነበር» አሉ። «ልጅቷ አባቷን በጣም ታከብራለች።»

«አክብሮት አይደለም» አለች ቺናትሱ። ስለ ጫማው ነገረቻቸው፤ ስለ ጣቱ ልክ፣ ካልጣመው ስለሚሆነው፣ ስለ ተንሸራታቹ በር።

ሰሟት። ፋይሉን ከፍተው አንድ ገጽ ላይ ቆሙ። «በማኅተምዎ ያረጋገጡት ቃል እኮ እዚህ አለ፣ ወይዘሮ ቺናትሱ።»

«አለ። ዋሽቼ ነው። አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

እኚህ ሰው ስንት እናት እንዲህ ስታደርግ አይተው ይሆን? ፊታቸው ምንም አይናገርም። «እንግዲህ ልጅቷን ለብቻዋ መስማት አለብኝ» አሉ በመጨረሻ። «አሁኑኑ፤ ማንም ምንም ሳይላት።»

ኮቶሃ ያልተከፈተውን ሳጥን በሁለት እጇ ይዛ ከመጫወቻው ክፍል ወጣች።

«ፈገግ ብያለሁ» አለች ለእናቷ። «ጎበዝ ነበርኩ?»

አቶ ሳካኪ ከልጅቷ ቁመት ጋር ለመስተካከል ቁጢጥ አሉ። «ኮቶሃ፣ ድሮ ቤት ስለነበረው ነገር ትንሽ ታወሪኛለሽ? ሁለታችን ብቻ።»

ልጅቷ ዞር አለች። «እማዬ፣ ምን ልበል?»

መርማሪው እናትየዋን አዩ። ወይዘሮ ኑኩዪም አዩ።

«ያየሽውን» አለች ቺናትሱ።

ኮቶሃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ ይሰማል?»

አቶ ሳካኪ ዓይናቸውን ወደ ፋይሉ መለሱ። የሚጽፉት ለሁለቱም ወገን ይደርሳል፤ ደንቡ ነው። «አይሰማም» የሚለው ቃል ቺናትሱ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ልጇን ያባበለችው በእንዲህ ዓይነት ቃል ነው። ዋጠችው።

«አዎ፣ ይሰማል። እሳቸው ይጽፉታል፤ አባትሽም ያነበዋል።»

ልጅቷ ማሳኖሪ የወጣበትን በር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቺስ የት ነሽ?»

«እዚሁ። በሩ ሥር።»

«እንዳትሄጂ እሺ።»

ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወደ መጫወቻው ክፍል ተመልሳ ገባች። አቶ ሳካኪ በሩን ዘጉት። ቺናትሱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወይዘሮ ኑኩዪ አንዴ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ኮቶሃ በቀጭን ድምፅ ጀመረች። ቃሉ አይለይም። እየፈጠነች ሄደች፣ ቀጠለች፣ አላቆመችም፤ ይሄኔ የመርማሪው ለስላሳ ድምፅ በበሩ በኩል ወጣ።

«ቀስ በይልኝ፣ ልጄ፤ እየጻፍኩ ነው።»