ጫፏ የታጠፈው ጉርድ

ሉብና አራት ቀን ከክፍል ስትቀር መምህርት ዓለምፀሐይ ጉንፋን ይዟት ይሆናል ብላ ራሷን አሳመነች። ራሷን ማሳመን ላይ ጎበዝ ናት። በአምስተኛው ቀን ግን የሉብና ጎረቤት ሊሚ፣ "ቲቸር፣ ሉብና እኮ ትምህርት አቆመች። የአባቷ ቼክ ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የለም ተብሎ ከባንክ ተመለሰ" ስትላት፣ እንዴት ሆኖ ብላ አልጠየቀችም፤ ገብቷታል።

ዓለምፀሐይ ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ ሂሳብ አያያዝ ታስተምራለች። የመጽሐፉ "ድርጅት ሀ" እና "ድርጅት ለ" ተማሪዎቹ ላይ እንቅልፍ ቢያመጡባቸው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት እውነተኛ የቼክ ደብተር ማምጣት የሚችል ያምጣ አለች። ያመጣችው ሉብና ብቻ ነበረች። አባቷ ጋሽ ኑሪ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ሱቅ አላቸው። ልጃቸው ተምራ ሂሳባቸውን እንድትይዝላቸው ከመጓጓታቸው የተነሳ፣ ለማንም የማያሳዩትን ደብተር ከባንክ መግለጫው ጋር በፌስታል ጠቅልለው ሰጧት።

ያን ቀን ክፍሉ ነቃ። በመግለጫው ላይ ያለው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው። ቼኩ ተቀድዶ ሲሰጥ ደብተሩ ውስጥ ከሚቀሩት ጉርዶች ላይ፣ ተጽፈው ገና ባንክ ያልቀረቡትን ቼኮች አንድ በአንድ ለቀሙ፤ አርባ ሰባት ሺህ ሆኑ። ሉብና ሰሌዳው ላይ ቀንሳ ልትጨርስ ስትል ቆም አለች።

"ቲቸር፣ ይቺ ጉርድ ምንም አልተጻፈባትም። ጫፏ ግን ታጥፏል። አባዬን ልጠይቀው?"

ሊደወል ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በመስኮት ቆመው ያያሉ። ዓለምፀሐይ ስሌቱ እዚያው፣ በእሳቸው ፊት እንዲያምርላት ፈለገች።

"የተበላሸ ቼክ ይሆናላ! እለፊያት" አለች።

ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ሺህ። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ጭብጨባውንም ወደደችው።

ሊሚ በነገረቻት ቀን ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። ሱቁ ስትደርስ ግን ዓይኗ በሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ላይ አረፈ፤ በዚያ ስታልፍ የምታየው የለስላሳ ፍሪጅ የለም። ሲሚንቶው ላይ የአራት እግሮቹ ምልክት ቀርቷል። ሉብና ጥግ ላይ ስኳር እየመዘነች በላስቲክ ትቋጥራለች። ቀና አላለችም።

"ይግቡ መምህር" አሉ ጋሽ ኑሪ። "ስለ እሷ ከሆነ የመጡት ግን አይድከሙ። በቃ፣ ሱቅ ትጠብቅ።"

"ምን ተፈጠረ ጋሽ ኑሪ?"

"ከዱቄት አከፋፋዩ ዕቃ በዱቤ ስወስድ ለመያዣ ቼክ ፈርሜ እሰጠዋለሁ፤ ቀኑን ሳልሞላ። እሱን እንዳልረሳ የጉርዷን ጫፍ አጥፋለሁ። መቶ ሰማንያ ሺህ ነበረች። ይቺ ልጅ ክፍል የሠራችሁትን ስሌት በወረቀት አምጥታ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት አለህ ስትለኝ፣ የተማረ የሠራው ነው፣ ያቺም ቼክ ተቀንሳለች ብዬ በመቶ ሃምሳ ሺህ ዘይት ገዛሁ። አከፋፋዩ ቼኩን ይዞ ባንክ ሲሄድ በቂ ገንዘብ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ስነግድ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቼ አላውቅም ነበር። ፍሪጁን ሸጬ ሞላሁት።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ብሩስ ይሁን። ጫፏን አይተሽ ለምን አልጠየቅሽኝም ብላት፣ መምህሬ ጠይቂው ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የረሳሁት አለችኝ። መምህሯን የማትሰማ ልጅ ምን ሂሳብ ትይዝልኛለች?"

ዓለምፀሐይ ወደ ሉብና ዞረች። ልጅቷ ያንኑ ላስቲክ ደግማ ትቋጥራለች። ለቅጽበት፣ አዎ፣ ለቅጽበት ዝም ብላ የመውጣት ሐሳብ መጣባት። ማንም አያውቅባትም፤ ልጅቷ ጥፋቱን ወስዳላታለች። እንዲህ ማሰቧ ራሱ አሳፈራት።

"ጋሽ ኑሪ፣ ልጅዎ ዋሽታለች" አለች። "ጠይቂው አላልኳትም። እሷ ናት አባዬን ልጠይቀው ያለችኝ። እለፊያት ያልኳት እኔ ነኝ። ሰው እያየኝ ስለነበር ቶሎ መጨረስ ፈለግሁ።"

ጋሽ ኑሪ ወደ ጥጉ ዞሩ።

"ሉብና።"

"አቤት አባዬ።"

"እውነት ነው?"

ሉብና ማልቀስ ጀመረች።

"ሳምንቱን ሙሉ አላናገርኳትም እኮ" አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። መሳቢያውን ከፍተው ያንኑ ፌስታል አወጡና ለመምህሯ ሳይሆን ለልጃቸው ሰጡ። "ነገ ይዘሽው ሂጂ።" ዓለምፀሐይ የፍሪጁን ዋጋ በየወሩ ልክፈል ብላ ብትለምናቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ብሩን ይተዉት። ስትጠይቅዎት ይስሟት።"

በማግስቱ ዓለምፀሐይ ያንኑ ስሌት ሰሌዳው ላይ ጽፋ፣ በአርባ ተማሪ ፊት የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ጠመኔውን ለሉብና ሰጠቻት።

ሉብና ጫፏ የታጠፈችውን ጉርድ ገለጠች። ከመቀነሷ በፊት ግን ዞር አለች።

"አባዬን ጠይቄዋለሁ፣ ቲቸር።"