ሰማያዊው ሲቀላ

ልጄን ውዳሴን ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ያደረስናት በሰው ባጃጅ ነው። መንገዱን ሙሉ ውሃ ውሃ ስትል ነበር፤ ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ግን እሱንም ተወችው።

ዶክተር ሠርክአዲስን የማያውቅ የለም። መጀመሪያ ኬሚስትሪ፣ ቀጥለው ሕክምና ተምረው የከተማውን የመጀመሪያ ላቦራቶሪ የከፈቱ እሳቸው ናቸው። ከዚያ በፊት የታማሚ ደም በአውቶቡስ ባሕር ዳር ይላክ ነበር፤ ውጤቱ ሲመለስ ባለቤቱ ተቀብሮ ይቆያል። አሁን ደግሞ መንገድ ተዘግቶ የስኳር መለኪያው አልቋል። እሳቸው ግን በድሮው ዘዴ ሰማያዊ ውሃ በጥብጠው፣ ሽንት ጠብ አድርገው ያፈሉታል። ስኳር ካለበት ይቀላል።

"ሽንቷን ይዛችኋል?" አሉ።

ባሌ ይሄይስ ከጋቢው ሥር ጠርሙስ አወጣ። ሐኪም ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ ከቤት ስንነሣ ተቀብሎላት ኖሯል።

ሰማያዊው ፈላ። አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀላ።

"ስኳር ነው። ራሷን እየሳተች ነው፤ ጊዜ የለንም" ብለው ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን በመርፌ ሳቡ።

ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ ወደቀ። አንገቱ ላይ ሰም ተጣብቋል። ለእንግዳ ማር የማወጣበት የራሴው ጠርሙስ! ይሄይስ ማክበሩ ነው፤ የተቆረጠ ጀሪካን ለሳቸው አይመጥንም ብሎ። ክብር ያውቃል፣ ዕቃ ማጠብ ግን አያውቅም።

መርፌው ክንዷ ጋ ደርሷል። ፈራሁ። ተናግሬ ብሳሳት የምገድላት እኔ ነኝ፤ ዝም ብልም እኔው ነኝ።

"ዶክተር፣ ማር ነበረበት!"

እጃቸው ባለበት ቀረ።

"ታጥቧል እኮ" አለ ይሄይስ።

"በምን?"

"በውሃ... ለቅለቅ አድርጌ።"

ውዳሴ አልጋው ላይ ሸንታ ነበር። ዶክተር ከፍራሹ ላስቲክ ላይ በንጹሕ ብልቃጥ ቀድተው እንደገና አፈሉ። ፈላ፤ ሰማያዊ። ደግሞ ፈላ፤ ያው ሰማያዊ።

ከጣቷ ደም ወስደው መስኮቱ ሥር በማይክሮስኮፕ አዩ።

"ወባ ነው። ክፉው ወባ። እሱ ራሱ የልጅን የደም ስኳር ያሟጥጣል። ያቺን መርፌ ብወጋት ኖሮ..." ብለው አልጨረሱትም። ስኳር ያለው ጉሉኮስ ሰቀሉላት፣ የወባውንም መድኃኒት ጀመሩላት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ውዳሴ ዓይኗን ገልጣ "ውሃ" አለች። ይሄይስ የዶክተር እግር ላይ ተደፋ።

"ተነሥ ልጄ። አንተ አክብረኸኝ ነው። ምን ነበረበት ብሎ መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር።"

ያን መርፌ አንሥተው ክዳኑን ሊገጥሙ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መርፌው ክዳኑን ሁለቴ ሳተ። እጃቸውን ያዝኩና አብረን ገጠምነው።